ሚንት ላይ ሁለት ፓርቲሽን አልጻፍባቸው አለኝ፣ ማን ነው የሚከለክለኝ?

ጠጅሳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 10 እና ሊኑክስ ሚንት 21.3 ጎን ለጎን ተጭነዋል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ሲ አለ፣ ዲ አለ፣ ሚንት ያለበት አለ። ቦታ ስለተረፈኝ ደግሞ በጂፓርትድ (ዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም) አንድ አዲስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ፈጥሬ ኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም የፋይል አቀማመጥ ዓይነት) አደረግኩትና ስሙን «ሥራ» አልኩት። ዲ ላይ ያለው የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ነው፣ የደንበኛ ሥራ ስለሆነ አንድም ፋይል እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ሁለቱም ይከፈታሉ። ውስጣቸውም ይታያል። ግን ምንም ነገር መጻፍ አልችልም። ፎልደር ልፍጠር ብዬ ቀኝ ክሊክ ሳደርግ «አዲስ ፎልደር» የሚለው ደብዝዞ ነው የሚመጣው፣ ፔስትም እንደዚያው። አንድ ቪዲዮ ላይ ሲኤችሞድ 777 (ለሁሉም ሰው ሁሉንም የሚፈቅድ ትእዛዝ) ማድረግ ነው ሲሉ ሰምቼ ዲ ላይ ሞከርኩት፣ «ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም» (የሚነበብ ብቻ) አለኝ። «ሥራ» ላይ ደግሞ በተርሚናል ፋይል ልፍጠር ስል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል።

ኮምፒውተሩ የኔ፣ ፓስወርዱ የኔ፣ ታዲያ ማን ነው የሚከለክለኝ? ፎርማት ይደረግ የሚል መልስ ግን በፈጠራችሁ ይቅርብኝ።

ወፍ_በረር፦

ቀላል ነው ወንድሜ። ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግና «ኦፕን አዝ ሩት» በለው፤ ሩት የሲስተሙ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ነው። ፓስወርድ ይጠይቅሃል፣ ቀይ መስመር ያለው መስኮት ይከፈታል፣ ከዚያ እንደፈለግክ ቅዳ፣ ሰርዝ፣ ፍጠር። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ካልሆነም ሱዶ (በሩት ሥልጣን አስኪድ ማለት ነው) ሲኤችሞድ ሰረዝ ትልቁ አር 777 ሚዲያ ላይ ልቀቅበትና ተገላገል።

ቀይ_ፔንግዊን፦

ከላይ ያለውን ምክር ለጊዜው ተወው፣ ምክንያቱን በኋላ እናወራለን።

መጀመሪያ ራስህ የጻፍከውን መልሰህ እይ። ዲ «ሪድ-ኦንሊ» ነው ያለህ፣ «ሥራ» ደግሞ «ፐርሚሽን ዲናይድ»። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ስድብ ነው የሚያነባቸው፤ እዚህ ከሚመጡት ጥያቄዎች ግማሹ የሚወሳሰበውም በዚህ ነው። ፐርሚሽን ዲናይድ ሲልህ ዲስኩ ይጻፍበታል፣ ግን አንተ አልተፈቀደልህም። ሪድ-ኦንሊ ሲልህ ደግሞ ሩትም ይምጣ ማንም ይምጣ አይጻፍበትም። ቀዩን መስኮት ዲ ላይ ብትከፍተው ያው ነው፣ ቀይ ሆኖ እምቢ ይልሃል።

ከስልክ ስለምጽፍ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የማስቀምጣቸው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ጻፋቸው።

በቀላሉ ልጀምር፣ «ሥራ»። አዲስ ኤክስት4 ሲፈጠር የላይኛው ፎልደር ባለቤት ሩት ነው። ጂፓርትድ በሩት ሥልጣን ነው የሚሠራው፣ የፈጠረውንም ለአንተ አያስተላልፍልህም። ስለዚህ ፓርቲሽኑን ክፈተው፣ ከዚያ ተርሚናል ላይ፦ ሱዶ፣ ቻውን (ባለቤት መቀየሪያው)፣ የተጠቃሚ ስምህ፣ ሁለት ነጥብ፣ እንደገና ስምህ (መሐላቸው ክፍተት የለም)፣ ከዚያ ክፍተትና ፓርቲሽኑ የተከፈተበት አድራሻ። ጠቅ አድርገህ የከፈትከው ከሆነ አድራሻው ሚዲያ ሥር፣ በስምህ ሥር፣ በፓርቲሽኑ ስም ነው የሚገኘው። አለቀ። ሰረዝ አር አያስፈልግህም፣ ባዶ ነውና። ሎስት ፕላስ ፋውንድ የሚባል ፎልደር ታይበታለህ፣ እሱን አትንካው፤ የሩት ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ሲጠገን የተገኙ ቁርጥራጮች የሚቀመጡበት ነው።

«ክፈተው፣ ከዚያ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሰዎች ኤምኤንቲ የሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ባዶ ፎልደር ይፈጥራሉ፣ ቻውን ያደርጉታል፣ ከዚያ ፓርቲሽኑን እላዩ ላይ ማውንት ያደርጉና (በዚያ ፎልደር በኩል ይከፍቱትና) «ቅድም የኔ ነበር፣ አሁን የሩት ሆነ» ብለው ይመጣሉ። የቀየሩት ከሥር ያለውን ባዶ ፎልደር ነው። ማውንት ሲደረግ ያ ፎልደር ይሸፈናል፣ የሚታየው ፓርቲሽኑ ራሱ ላይ የተጻፈው ባለቤትነት ይሆናል። ኤክስት4 ካርታውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ካርታው ላይ ያለው ደግሞ ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው። ኡቡንቱና ሚንት ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ተጠቃሚ 1000 ነው። ዲስኩን ነቅለህ ቁጥርህ 1001 የሆነበት ማሽን ላይ ብትሰካው ስምህ አንድ ዓይነት ቢሆንም አያውቅህም።

አሁን ወደ ዲ። እሱ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ነው፣ ችግሩም ያለው ሚንት ላይ ሳይሆን ዊንዶውሱ ጋ ነው። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለው። ሻት ዳውን ስትለው ፕሮግራሞችህን ይዘጋል፣ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ግን አይዘጋም፤ ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ በማግሥቱ ከተኛበት ይቀጥላል፣ ለዚህ ነው ቶሎ የሚነሣው። በእሱ ሐሳብ ዲ አሁንም ክፍት ነው፣ ስለ ዲ የሚያውቀውም ነገር ከፊሉ እሱ ጋ ተይዟል። አንተ በመሐል በሚንት ገብተህ ብትጽፍበትና እሱ ከእንቅልፉ ሲነሣ በአሮጌው ትዝታው ቢጽፍበት ፎቶዎቹ ይዘበራረቃሉ። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ (ሊኑክስ ላይ ኤንቲኤፍኤስን የሚከፍተው ድራይቨር) ይህን ስለሚያውቅ ነው በንባብ ብቻ የከፈተልህ። የሠርግ ፎቶ ካለበት ደግሞ እግዜር ይስጠው በለው።

ለዛሬ ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ግባና ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት በል፣ ከዚያ ሚንትን ምረጥ። ሪስታርት ከርነሉን በትክክል ይዘጋል። ሺፍት ተጭነህ ሻት ዳውን ማለትም ያው ነው። ለዘለቄታው ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ፋስት ስታርታፕን አጥፋው። ወይም በአድሚኒስትሬተር የተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ። ይሄኛው ሃይበርኔትንም አብሮ ያጠፋል፣ የምትጠቀምበት ከሆነ የመጀመሪያውን መንገድ ምረጥ።

ከዚህ በኋላም ሪድ-ኦንሊ ካለህ ዊንዶውስ ላይ ቼክዲስክን (ዲስክ መርምሮ የሚጠግነውን ትእዛዝ) በስላሽ ኤፍ ዲ ላይ አስኪደው። ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባለውን የሊኑክስ ትእዛዝ የሚመክሩህ ይኖራሉ። እሱ ጥቂት ነገር ብቻ ነው የሚያስተካክለው፣ ከዚያ የፋይል ሲስተሙን ጆርናል (የለውጥ መዝገብ) ያጸዳና ዊንዶውስ ሲነሣ ዲስኩን እንዲመረምር ምልክት ይተዋል። የቼክዲስክን ሥራ አይተካም። ሪሙቭ ሃይበርፋይል የሚል የማውንት አማራጭም አለ፣ ዊንዶውስ አስቀምጦት የተኛውን ሁሉ ነው የሚደመስሰው፣ ዊንዶውሱ አልነሣ ብሎ ሌላ መንገድ ካላጣህ አትድረስበት።

ወፍ_በረር፦

እሺ፣ ዲ ላይ እንደማይሠራ ገባኝ። ግን «ሥራ» ላይ 777 ምን ያደርገዋል? እኔ ቤት ስንት ጊዜዬ ነው፣ አንድም ቀን ችግር አላየሁም። ላፕቶፑን ከእኔ በቀር የሚነካው የለም።

ቀይ_ፔንግዊን፦

ያ ባዶ ፓርቲሽን ላይ ብቻ ከሆነ አትሞትም። ችግሩ ልማዱ ነው። ቀዩ መስኮት ውስጥ ሆነህ የፈጠርከው ፎልደር ሁሉ የሩት ይሆናል፣ ነገ በተራው መስኮት ስትገባ አይጻፍልህም፣ እንደገና ቀዩን ትከፍታለህ፣ እንዲያ እያልክ ግማሽ ዲስክህ የሩት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ትልቁን አር ከ777 ጋር ይዘህ አድራሻው ላይ አንድ ክፍተት ብትሳሳት፣ ከስላሹ ቀጥሎ ያለው ቢቆረጥብህ፣ ሲስተሙን በሙሉ ነው የሚመታው። 777 ፋይሎች ላይ ያለውን ሴትዩአይዲ ምልክት (ፕሮግራሙ በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርገውን) ያነሣል። ሱዶ የሚሠራው በዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ ያበላሸኸውን ልታስተካክል «ሱዶ» ስትል እሱ ራሱ ሴትዩአይዲ የለኝም ብሎ ይመልስሃል። ኤስኤስኤችም (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሚስጥራዊ ቁልፍህ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሲያገኘው አልጠቀምበትም ይላል።

ሦስተኛ፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ ፋት32 እና ኤክስፋት (ሁለቱ ፍላሽ ላይ የሚበዙት ናቸው) ላይ ሲኤችሞድ ብዙውን ጊዜ ትርጉም የለውም። ፋት እና ኤክስፋት የሊኑክስን ባለቤትነት የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። ኤንቲኤፍኤስ የራሱ ዓይነት ፐርሚሽን አለው፣ ግን በተለመደው አከፋፈት ሊኑክስ አይጠቀምበትም። እነሱ ላይ ማን ይጻፍ የሚለው የሚወሰነው ማውንት በሚደረግበት ቅጽበት በሚሰጡት አማራጮች ነው። ፍላሽ በሱዶ ማውንት አድርገህ አልጻፍ ካለህ ለዚህ ነው፤ የከፈተው ሩት ስለሆነ ሁሉም የሩት ሆኖ ይታያል።

ጠጅሳር፦

መጀመሪያ፣ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ 😄

«ሥራ» በቻውኑ ወዲያው ተስተካከለ። ዲም በሪስታርት ገብቼ ተከፈተልኝ፣ አሁን ይጻፍበታል፤ ፋስት ስታርታፕንም አጥፍቼዋለሁ። ተባረኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሁለቱንም ጠቅ እያደረግኩ ካልከፈትኳቸው ዳርክቴብል (የፎቶ ፕሮግራሜ) ፎቶዎቹን አያገኛቸውም፣ ሁሉንም «የጠፋ» ብሎ ነው የሚያሳየኝ። ራሳቸው እንዲከፈቱ ማድረግ ይቻላል? ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እሱን አበላሽቶ ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው ሰው ታሪክም አብሮ ሰምቻለሁ።

ዳማከሴ፦

ታሪኩ እውነት ነው እህቴ፣ ግን የሚያስፈራውን ነገር አንዲት ቃል ታስቀረዋለች። እመጣባታለሁ።

ፋይሉ ኢቲሲ በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ቅጂ ያዢ፦ ሱዶ ሲፒ ብለሽ እዚያው ጎኑ በሌላ ስም አስቀምጪው። ከዚያ ኤልኤስቢኤልኬ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤፍ በይ። የፓርቲሽኖቹን ዝርዝር ከነዓይነታቸውና ከነዩዩአይዲያቸው (መለያ ቁጥራቸው) ያወጣልሻል። የምትጠቀሚው ዩዩአይዲውን ነው። ኤስዲኤ3፣ ኤስዲቢ1 የሚሉት ስሞች ሌላ ዲስክ ሲሰካ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፣ ዩዩአይዲ ግን ፎርማት ካልተደረገ አይቀየርም።

ኤምኤንቲ ሥር ሁለት ባዶ ፎልደሮች ፍጠሪ፣ አንዱን ዲ፣ አንዱን ወርክ በያቸው። ሚዲያ ሥር ያለውን አድራሻ አትጠቀሚ፣ እሱን ሲስተሙ ራሱ ነው የሚፈጥረውና የሚያጠፋው። ስም ላይ ክፍተትም አታድርጊ፣ ኤፍኤስታብ ክፍተትን የሚያነበው እንደ ዓምድ መለያ ነው።

አሁን ፋይሉን በሱዶ ናኖ (ተርሚናል ላይ ጽሑፍ ማስተካከያ) ክፈቺና መጨረሻ ላይ መስመር ጨምሪ። አንድ መስመር ስድስት ዓምድ አለው። ለዲ እንዲህ ይሆናል፦ አንደኛው ዩዩአይዲ (ይህን ቃል በትልልቁ ፊደል)፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ቁጥሩ (ኮፒ አድርጊው፣ በእጅ አትጻፊው)። ሁለተኛው የፎልደሩ አድራሻ። ሦስተኛው ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ። አራተኛው ዋናው ነው፣ በነጠላ ሰረዝ ተያይዞ ያለ ክፍተት ይጻፋል፦ ዩአይዲ እኩል 1000፣ ጂአይዲ እኩል 1000፣ ዩማስክ እኩል 022፣ ኖፌይል። አምስተኛውና ስድስተኛው ዜሮ፣ ዜሮ።

ዩአይዲ የተጠቃሚ ቁጥር ነው፣ ጂአይዲ የቡድን። 1000 መሆንሽን አይዲ የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን ጽፈሽ አረጋግጪ። ዩማስክ የሚቀነስ ነው፣ የሚሰጥ አይደለም። 022 ስትዪው ለአንቺ ሁሉም ይፈቀዳል፣ ለሌላው መጻፍ ይቀነስበታል። ብዙ ሰው 777 መስሎት ዩማስክ እኩል 777 ይጽፍና ራሱንም ጨምሮ ሁሉንም ያስወጣል።

ኖፌይል ነች ያልኩሽ ቃል። እሷ ከሌለችና ዲስኩ ካልተገኘ ወይም ቁጥሩ ከተሳሳተ ሲስተሙ ሲነሣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ኢመርጀንሲ ሞድ የሚባል ጥቁር ገጽ ላይ ይጥልሻል። እሷ ካለች ዘልሎት ያልፋል።

ለ«ሥራ» የሚሆነው መስመር አጭር ነው፦ ዩዩአይዲው፣ አድራሻው፣ ኤክስት4፣ ዲፎልትስ ነጠላ ሰረዝ ኖፌይል፣ ዜሮ፣ 2። እዚህ ላይ ዩአይዲና ዩማስክ እንዳታስገቢ። ኤክስት4 እነዚህን አማራጮች አያውቃቸውም፣ «ባድ ኦፕሽን» ብሎ ጨርሶ አይከፈትም። ባለቤትነቱ በቻውን ዲስኩ ላይ ስለተጻፈ አድራሻው ሲቀየርም ይከተልሻል፣ ድጋሚ ማድረግ የለብሽም።

ሪስታርት ከማድረግሽ በፊት ግን ፈትሺው። ሁለቱንም ፓርቲሽን ከፋይል ማኔጀሩ ዝጊያቸው። ሱዶ ፋይንድኤምኤንቲ፣ ሁለት ሰረዝ ቬሪፋይ ስትዪው ስሕተት ካለ መስመሩን ይነግርሻል። ቀጥሎ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ። ከዚያ ሱዶ ማውንት ሰረዝ ኤ። ምንም ሳይል ከተመለሰና በሁለቱም አድራሻ ውስጣቸው ከታየ ተከፍተዋል ማለት ነው፤ ኖፌይል ስላለ ዲስኩ ባይገኝም ዝም ሊል ይችላል። ያኔ ብቻ ሪስታርት። ዳርክቴብል ግን አድራሻው ስለተቀየረ አንድ ጊዜ አዲሱን ቦታ ማሳየት ይኖርብሻል።

እንጦጦ_ነፋስ፦

ለሌላ ሰውም እንዲጠቅም፦ አዳዲስ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ያላችሁ ከጠጅሳር የተለየ መልእክት ልታዩ ትችላላችሁ። ከከርነል 5.15 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 ወዲህ፣ ከርነሉ ውስጥ ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባል ሌላ ድራይቨር ገብቷል፣ ፓራጎን የሚባል ኩባንያ የሰጠው ነው። እሱ በትክክል ያልተዘጋ ዲስክ ሲያገኝ በንባብ ከመክፈት ይልቅ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል፣ የሚወጣውም መልእክት «ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ፣ ባድ ኦፕሽን፣ ባድ ሱፐርብሎክ» የሚል አስደንጋጭ ነገር ነው። ዲስኩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) በሱዶ ስታዩት መጨረሻው ላይ ቮሊዩሙ ደርቲ ነው (በትክክል አልተዘጋም)፣ ፎርስ (ማስገደጃው አማራጭ) አልተሰጠም የሚል ካለ መድኃኒቱ ያው የላይኛው ነው፣ ዊንዶውስ ገብቶ በትክክል መዝጋት። ፎርስ የሚለውን ቃል ስላያችሁ ብቻ ፎርስ አትስጡት።

ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ፋይል ማኔጀሩ በደንብ እየጻፈ አንድ ፕሮግራም ብቻ አልጽፍም ካለ የፐርሚሽን ነገር ላይሆን ይችላል። በስናፕ (ፕሮግራሙን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬድ የኡቡንቱ መጫኛ ዘዴ) የተጫነ ፕሮግራም ሚዲያና ኤምኤንቲ ውስጥ እንዲገባ ሪሙቨብል-ሚዲያ የሚባለው ግንኙነት ሊከፈትለት ይገባል። ሱዶ ስናፕ ኮኔክት፣ የፕሮግራሙ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሪሙቨብል-ሚዲያ። ቻውን ብታደርጉ፣ 777 ብታደርጉ አይሰማም።

ሽሮሜዳ፦

በዚሁ ልጠይቅ፣ የኔ ይለያል። ዊንዶውስ የለኝም፣ ኡቡንቱ ብቻ ነው፣ ዴስክቶፕ። ባለፈው እየሠራሁ መብራት ጠፋ። ሲመጣ አስነሣሁት፣ ይነሣል፣ ግን ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ነገር ሪድ-ኦንሊ ይሆናል፣ የራሴ ሆም (የግል ፎልደሬ) ጭምር። ቻውን ስለው እሱም ያው መልስ ነው የሚሰጠኝ። በሪማውንት አርደብልዩ (ለመጻፍ እንደገና ክፈት በሚለው) አስገድጄው ነበር፣ ጥቂት ሠርቶ ተመለሰ።

ቀይ_ፔንግዊን፦

ማስገደዱን አቁም። ኤፍኤስታብህን ብታየው የዋናው ፓርቲሽን መስመር ላይ ኤረርስ እኩል ሪማውንት-አርኦ የሚል አለ፣ ኡቡንቱ ሲጫን የሚያስቀምጠው ነው። ከርነሉ ፋይል ሲስተሙ ውስጥ የማይጣጣም ነገር ሲያገኝ ጉዳቱ እንዳይሰፋ መጻፉን ይዘጋዋል። ባስገደድከው ቁጥር የተበላሸው ላይ እየደረብክ ነው።

ሱዶ ዲሜሴጅ በልና መጨረሻውን አንብብ። የምትፈልገው ሁለት ዓይነት መስመር ነው። «ኤክስት4-ኤፍኤስ ኤረር» ብቻ ካለ የፋይል ሲስተም ጉዳት ነው። ከእሱ በላይ «አይኦ ኤረር» (ዲስኩን የማንበብና የመጻፍ ስሕተት) የሚሉ መስመሮች ከተደረደሩ ግን ዲስኩ ራሱ ወይም ገመዱ ነው የታመመው። ዴስክቶፕ ስለሆነ ጎኑን ክፈትና የሳታ ገመዱን (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን) ሁለቱንም ጫፍ ነቅለህ ስካው፣ ማሽኑ ጠፍቶና ከሶኬት ተነቅሎ ማለቴ ነው።

ከዚያ ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ አስነሣው፣ ሳትጭን «ትራይ» የሚለውን ምረጥ። ዲስክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈት፣ ሃርድ ዲስክህን ምረጥ፣ ከላይ ባለው ሜኑ ስማርት ዳታ የሚል አለ፣ ዲስኩ ስለ ጤናው የሚመዘግበው ነው። ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር (ለማንበብ ያስቸገሩ የዲስክ ቦታዎች) የሚለውን ቁጥር እይ። ዜሮ ከሆነ ወደ ጥገና እለፍ፦ ፓርቲሽኑ ሳይከፈት ሱዶ ኤፍኤስሲኬ (ፋይል ሲስተም ጠጋኙ)፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያ የፓርቲሽኑ ስም። የተከፈተ ፓርቲሽን ላይ እንዳታስኬደው፣ ያስጠነቅቅሃል፣ ማስጠንቀቂያውን ስማው። ለሚጠይቅህ «ዋይ» (አዎ) እያልክ ትሄዳለህ።

ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ኤፍኤስሲኬን ገና አትንካው። እዚያው ከፍላሹ ሆነህ ፓርቲሽኑን በንባብ ብቻ ክፈትና ሆምህን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጥ፣ ቀድመህ የማትተካቸውን።

ሽሮሜዳ፦

ዲሜሴጅ ላይ አይኦ ኤረር ብዙ አለ። ስማርቱ ላይ ፔንዲንግ 8 ይላል። አሁን እየገለበጥኩ ነው፣ አንዳንድ ፋይል ላይ ደርሶ ይቆምና ያቋርጣል።

ቀይ_ፔንግዊን፦

በፋይል ማኔጀር አትገልብጥ፣ አንድ ፋይል ላይ ሲደናቀፍ ሁሉንም ያቋርጥብሃል። በተርሚናል አርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ትእዛዝ)፣ ሰረዝ ኤ፣ ከየት፣ ወዴት በለው፤ ያልተነበበውን ዘልሎ ይቀጥላል፣ የትኞቹ እንደቀሩም እየሄደ ይነግርሃል። የቀሩት ውስጥ የግድ የምትፈልገው ካለ ዲዲሬስኪው (ከታመመ ዲስክ ዳታ የሚያወጣ ፕሮግራም) ይሞከራል፣ ለእሱ ግን ከፓርቲሽኑ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያለው ሌላ ዲስክ ያስፈልግሃል። አለህ?